ደሴ ላይ አጭር ሞገድ ማዳመጥ ለምን ያደክማል?

አንድን የአማተር ሬዲዮ ሰው፣ ማለትም ለፍቅሩ ብሎ በሬዲዮ ከሩቅ ሰዎች ጋር የሚነጋገር ሰው፣ "ቤትህ ጫጫታው ስንት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁት ዓይኑን ወደ ኤስ ሜትሩ፣ የሚገባውን ሞገድ ጉልበት በመርፌ ወደሚያሳየው መለኪያ፣ ወርወር ያደርግና "ኤስ 6" ይላችኋል። ለእሱ መልሱ አልቋል። ያ ቁጥር ግን አንቴናው ላይ የደረሰውን ጉልበት እንጂ ጆሮ ላይ የሚያደርሰውን አይናገርም። ሁለት ምሽቶችን እናስብ። በሁለቱም መርፌው ኤስ 6 ላይ ነው። በአንዱ ድምፅ ማጉያው እኩል በሆነ ሿሿታ ተሞልቷል፤ በሌላው ጥዝዝ የሚል፣ የሚከረክር፣ አንዳንዴም የሚያፏጭ ነገር አለበት። በመጀመሪያው ምሽት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ደካማ ጣቢያ ሲለቅሙ ማምሸት ይቻላል። በሁለተኛው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግንባር ይቋጠራል፤ ሬዲዮው ይጠፋል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ዝናብ ልጅ ያስተኛል፤ ካባራ በኋላ ከጣሪያው ጠርዝ ባልዲ ላይ ጠብ የሚለው ጠብታ ግን ከዝናቡ በብዙ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ አዋቂውን እንቅልፍ ይነሳዋል።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሬዲዮ የሚከታተል ሰው ባለፉት ዓመታት የገጠመው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ጫጫታው ጨመረ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጠባዩም ተለውጧል። ቀድሞ የሚበዛው ከሰማይና ከመብራት ምሶሶ የሚመጣው ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያመርታል፦ ኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የሶላር መቆጣጠሪያው፣ ኢንቨርተሩ፣ የዲሽ ሪሲቨሩ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፋብሪካዎቹ አሉ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ዓይነት ዘመናዊ ማሽኖች ሞተራቸውን በኤሌክትሮኒክስ እያፈጠኑና እያዘገዩ የሚሠሩ ናቸው፤ ይህ አሠራር ለሬዲዮ ጎረቤት የሚመች አይደለም። እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ከመመረጡ በፊት ጫጫታው በጠባዩ ይለይ። አለዚያ ሰው ብዙ ብር አውጥቶ አዲስ ሬዲዮ ይገዛና ያው ድካም ይጠብቀዋል።

ጉዳዩ ፈቃድ ያላቸውን ጥቂት አማተሮች ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። በአገራችን አማተር ሬዲዮ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ የሚገኘው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ማይክሮፎን ጨብጠው የማያውቁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨውን ዶይቸ ቬለን በአጭር ሞገድ ሲከታተሉ የኖሩ አባቶች አሉ። ጆሮው ያው የሰው ጆሮ ነው።

ከሰማይ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካርል ጃንስኪ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ በ20.5 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሰማውን ጫጫታ ሲመረምር በሦስት ከፈለው፦ የቅርብ መብረቅ፣ የሩቅ መብረቅ፣ ምንጩ ያልታወቀ እኩል ሿሿታ። ሦስተኛው ፀሐያችን ካለችበት የከዋክብት ክምችት፣ ከፍኖተ ሐሊብ፣ መሀል የሚመጣ ሆኖ ተገኘና የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ከዚያ ተወለደ። ጃንስኪ ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ "ጫጫታ" ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ያ ግኝት አይኖርም ነበር።

እኛ የምንኖረው መብረቅ በበዛበት የምድር ክፍል ነው። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ሲያጉረመርም ሬዲዮው ሳይቀር ይንጣጣል፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት የሚሰማውን መንጣጣት ነው። በዓለም ላይ መብረቅ እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ምሥራቅ ኮንጎ ነው፤ ከደሴ በአየር ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህ ርቀት ለ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ በሌሊት አንድ ዝላይ ነው፤ ሞገዱ አይኖስፌር ከሚባለው የላይኛው አየር ነጥሮ ይመለሳል። ቀን ላይ የአይኖስፌር የታችኛው ንብርብር ዝቅተኛዎቹን ሞገዶች ስለሚውጥ የኮንጎ መብረቅ አይደርሰንም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ንብርብሩ ይከስማል፤ መንጣጣቱ ይገባል። ስለዚህ ቀን በ7 ሜጋኸርዝ የምትሰሙት ጫጫታ በአብዛኛው የሰፈራችሁ ነው። የሌሊቱ የተቀላቀለ ነው።

የመብረቅ ጫጫታ ጉልበተኛ ቢሆንም ለጆሮ የሚተወው ነገር አለ፦ ክፍተት። ጧ ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ ለጥቂት ቅጽበት ዝም ይላል። የሰው ጆሮ በክፍተት ውስጥ የሾለከውን ፊደል ለቅሞ የጎደለውን በመገመት ዓረፍተ ነገር መሥራት ይችላል። ገበያ መሀል ቆመን የምንግባባው በዚሁ ችሎታ ነው። በዚህ ሒሳብ የሚንጣጣ ሌሊት ከሚታሰበው በላይ የሚደመጥ መሆን ነበረበት። የማይሆነው ሬዲዮው ራሱ ክፍተቱን ስለሚሰርቀን ነው።

ሌባው ኤጂሲ ይባላል። ደካማውና ጠንካራው ጣቢያ በተቀራራቢ ድምፅ እንዲሰሙ የሬዲዮውን ጉልበት በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ነው። ጠንካራ መብረቅ ሲመጣ ደንግጦ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ወደ ቦታው የሚመለሰው ግን ቀስ ብሎ ነው። ቀርፋፋው ማስተካከያ ላይ ከሆነ አንዲት የሰከንድ ቁራጭ የማትሞላ ብልጭታ ከአንድ ሰከንድ በላይ ንግግር ይዛ ትሄዳለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ ድምፁ በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ነው። የጀርመኑ የድምፅ ሳይንስ ሊቅ ኤበርሃርድ ዝቪከርና ተከታዮቹ እንዳሳዩት ጆሮ የድምፅን መዋዠቅ አብልጦ የሚሰማው በሰከንድ 4 ጊዜ አካባቢ ሲሆን ነው፤ የንግግራችን ክፍለ ቃላትም የሚፈሱት በዚሁ ፍጥነት ገደማ ነው። መዋዠቁና ንግግሩ አንድ ዓይነት እርምጃ ይዘው ይሄዳሉ፤ አእምሮ ሁለቱን ለመነጠል ይለፋል። ድካሙ ያ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። ሬዲዮው ከአንቴናው የሚቀበለውን የሚያጎላውን "አርኤፍ ጌይን" የሚለውን ቁልፍ ወደ ግራ መልሱት፤ የድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርጉ። በ7 ሜጋኸርዝና ከዚያ በታች ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ከሬዲዮው የውስጥ ጫጫታ እጅግ ስለሚበልጥ በዚህ የሚጠፋ ደካማ ጣቢያ የለም። ቅድመ ማጉያውን አጥፉ፤ ማዳከሚያ ካለው አብሩት። በእነዚህ በሁለቱ መርፌው ይወርዳል፤ ጣቢያው አለ። መርፌው ከፍ ብሎ ሲቆም ሬዲዮው "ብርቱ" የሚመስለው ሰው ይህን ምክር መቀበል ይከብደዋል።

አሁን ወደ ምሶሶው እንውረድ። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ቮልቴጁ በአንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ጫፍ ስለሚደርስ የተሰነጠቀ ስኒ (ሽቦውን ከምሶሶው የሚለየው ሸክላ) ወይም የላላ መያዣ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። ጥዝዝ የሚለው ድምፅ ይህ ነው። ለምን ያን ያህል እንደሚከረክር የሚያስረዳ ነገር አለ። ድምፅ በሰከንድ ከ15 እስከ 300 ጊዜ ሲቆራረጥ ጆሮ እንደ ሸካራ ነገር ይሰማዋል፤ ሸካራነቱ ጫፍ የሚደርሰው 70 ጊዜ አካባቢ ነው። የእኛ 100 ከዚያ ብዙ አይርቅም። መጥፎ ዕድል ሆኖ የመብራት ፍጥነታችን ጆሮ በሚጠላው መንደር ውስጥ ወድቋል። ክፍተቱም ፊደል ለመልቀም እጅግ አጭር ነው።

የደሴ ሰው ይህን ድምፅ በወቅቱ ሊለየው ይችላል። በጋ ላይ አቧራ ስኒው ላይ ይጋገራል፤ ነፋሱ መያዣውን ያላላል፤ ጥዝታው ይበረታል። የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ አጥቦት ሲያልፍ ሬዲዮው ለጥቂት ቀናት እፎይ ይላል። በዝናብና በጉም የሚብሰው ሌላ ነው፤ እሱ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ አየር ላይ የሚፈስ ሽሽታ ነው። ኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት የ230 ኪሎ ቮልት መስመሮች ሥር ቆሞ ጉም በሸፈነው ጠዋት በባዶ ጆሮም ይሰማል። ከፍታም ያግዘዋል፦ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የደሴ አየር ስስ በመሆኑ እንዲህ ያለው ፍሳሽ ከቆላው ባነሰ ቮልቴጅ ይጀምራል። እንግዲህ "በዝናብ ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል?" የሚለው አንድ ጥያቄ የትኛውን መስመር መጠርጠር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው ዘመድ፣ ከሁሉም አዲሱና ተንኮለኛው፣ የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖልና ኢንቨርተር የሚሠሩት ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆረጡ ነው። አንዱ ቻርጀር በ65 ኪሎኸርዝ ይቆርጣል እንበል፤ ጥላው በየ65 ኪሎኸርዙ እየተደጋገመ እስከ አጭር ሞገድ ይወጣል። ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ ባለው የአማተር ክልል ውስጥ ሦስት ቦታ ይገኛል ማለት ነው። ሲሞቅ ይንሸራተታል፤ ስልኩ ሲሞላ ቦታ ይቀይራል። የሶላር መቆጣጠሪያው ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ ስትጠልቅ ያበቃል፤ ከቀኑ ጫጫታ ውስጥ እሱን የሚያጋልጠው ይህ የሥራ ሰዓቱ ነው።

ይህ ዘር የሚያስከፋው ፉጨት ስላለበት ነው። ጆሮ የተለየ ዜማ ያለውን ድምፅ ችላ ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ይከተለዋል። የአካባቢ ጫጫታን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 1996፣ ይህንን በቁጥር አስቀምጦታል፦ ጎልቶ የሚሰማ ፉጨት ያለበት ጫጫታ ሲመዘን ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ይጨመርበታል፣ ተራ የምት ድምፅ ላለበት 5፣ ኃይለኛ ምት ላለበት 12። ለመኪናና ለፋብሪካ ጩኸት የወጣ ነው፤ ለሬዲዮ እንዳለ አይገለበጥም። ግን ሁለት እኩል ድምፆች እኩል እንደማያስከፉ ደረጃ አውጪዎች ሳይቀሩ አምነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚመች ጫጫታ ሁሉ ደግ አይደለም። እኩል ሿሿታ ጆሮ አይቧጥጥም፤ ንግግርን በመሸፈን በኩል ግን አቻ የለውም፣ ክፍተት አይሰጥምና። ይህንን በአገራችን ያሉ የአጭር ሞገድ አድማጮች ሳይማሩት ያውቁታል። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን አቅም እንዳለ ከተረጋገጠላቸው መመሪያ እንደሚሰጡ በይፋ ተናግረው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ጣቢያዎች ላይ ይለቀቅ የነበረው ማፈኛ ብዙ ጊዜ ያው እኩል ሿሿታ ነበር። ለማፈን የተመረጠው የሚከረክረው አይደለም፤ ለስላሳው ነው። ስለዚህ "ምን ያህል ይሸፍናል?" እና "ምን ያህል ያደክማል?" የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው መቆየት አለባቸው። ለአንድ አፍታ የጥሪ ምልክት (የአንድን ጣቢያ መጠሪያ) ለመያዝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያውን ይመልስ፤ ማታውን ከወዳጆቹ ጋር ሲያወራ ሊያመሽ የፈለገ ደግሞ ሁለተኛውን።

ይህ ልዩነት በሬዲዮው ፊት ላይ ላሉት ቁልፎችም ይሠራል። "ኖይዝ ብላንከር" የሚባለው ቁልፍ መሠረቱ አሜሪካዊው ጄምስ ላምብ እ.ኤ.አ. በ1936 ያቀረበው ሐሳብ ነው፦ ምቱ እንደመጣ ሬዲዮውን ለቅጽበት ዝም ማሰኘት። አጭርና ስለታም ለሆነ ምት ድንቅ ነው። ሱቅ በር ላይ የሚጮኸው ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ጄኔሬተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ሻማው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ) ብዙውን ጊዜ በየዙሩ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይረጫል፤ ብላንከሩ ይህንን ጥርግ ያደርገዋል። በቻርጀር ፉጨት ላይ ግን ምንም አይፈይድም፤ ጎረቤት ሞገድ ላይ ጠንካራ ጣቢያ ካለ ጭራሽ ንግግሩን ያጎሳቁላል።

ማጣሪያ ማጥበብም እንደዚሁ ነው። የሿሿታ ጉልበት በስፋቱ ልክ ስለሚቀንስ ማጥበቡ ይጠቅማል። ምትን ግን ማጣሪያው ይለጥጠዋል፦ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ጥቂት የምታህል ምት በ2.4 ኪሎኸርዝ ማጣሪያ ስታልፍ ወደ 0.4 ሚሊ ሰከንድ፣ ለሞርስ (በነጥብና በሰረዝ ለሚላክ መልእክት) በተሠራው የ250 ኸርዝ ማጣሪያ ስታልፍ ደግሞ ወደ 4 ሚሊ ሰከንድ ትረዝማለች። ሞርስ የሚያዳምጥ ሰው በመብረቅ ሌሊት ማጣሪያውን ባጠበበ ቁጥር ምቶቹ እየተቀጣጠሉ ራሳቸው የሞርስ ነጥብ ይመስሉታል። እንዲህ ባለ ምሽት ማጣሪያውን ከፈት አድርጎ ለጆሮ መተው ይሻላል።

ስለ ዲጂታሉ ጫጫታ ቀናሽ ያለኝ አስተያየት ከብዙ ወዳጆቼ ይለያል። እነሱ እስከ ጥግ ያዞሩታል። ለእኔ ከመካከለኛው በላይ ሲያልፍ ሿሿታውን ወስዶ በምትኩ የሚንጠባጠብና የሚያንጎራጉር ነገር ይተዋል፤ የንግግሩንም ጠርዝ ይበላል፤ "ሰ" እና "ሸ" ይቀላቀላሉ። ቀለል ያለው ብልሃት ከ2.5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ሹል ድምፅ በማስተካከያው ትንሽ ቀነስ ማድረግ ነው፤ የሿሿታው ስለት ይጎርባል፣ ንግግሩም ብዙ አይጎዳም። ጆሮ ላይ የሚደፋ የማዳመጫ መሣሪያ ያለው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሥራት ስለሚችል ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ በመሆኑ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት የሩቅ ጣቢያዎች ድምፅ ራሱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህንን ከጫጫታ ቆጥሮ አንቴናውን ይወቅሳል። ጣቢያው ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ከመጠበቅ በቀር መላ የለውም።

የመኖሪያ ሰፈር ዋጋ ስንት ነው? የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስለ ሬዲዮ ጫጫታ ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ፒ.372፣ መሠረት በ7 ሜጋኸርዝ በመኖሪያ ሰፈርና ጭር ባለ ገጠር መካከል ያለው የሰው ሠራሽ ጫጫታ ልዩነት 20 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ በኃይል 100 እጥፍ። በኤስ ሜትር ከ3 ኤስ ይበልጣል። ቁጥሮቹ የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተደረጉ ልኬቶች ላይ ነው፤ ኤልኢዲ አምፖልም የስልክ ቻርጀርም በሌለበት ዘመን። ጫጫታው ከመብራት መስመርና ከመኪና ሻማ ይመጣ የነበረበት ጊዜ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሉ ሻማው ቀስ በቀስ ከመንገድ ይወጣ ይሆናል፤ ቦታውን ግቢ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ የሚሞላ መሣሪያ ይወርሰዋል።

ምንጩን ለማግኘት ደሴ የራሷ መሣሪያ አላት፦ የመብራት መጥፋት። ሠፈሩ ጨለማ በሆነበት ቅጽበት ሬዲዮውን በባትሪ ማዳመጥ የማንም ላቦራቶሪ የማይሰጠው ልኬት ነው። ሁሉም ነገር ከጠፋ ጥፋቱ የመስመሩ ወይም የቤቶቹ ነበር። መንጣጣቱ ካልጠፋ የሰማይ ነው። ግማሹ ብቻ ከጠፋ የቀረው በኢንቨርተርና በሶላር የሚሠራው ነው። ከዚያ መብራት ሲመጣ የራሳችሁን ቆጣሪ አጥፍታችሁ ድገሙት፤ በሚያሳፍር ሁኔታ ብዙ ጊዜ ሌባው ከቤት ነው የሚገኘው። ጎረቤት ከሆነ ደግሞ "ጋሼ፣ መቆጣጠሪያዎን ለአምስት ደቂቃ ያጥፉልኝ" ለማለት ቡናው እስኪፈላ መጠበቅ ነው። ወሎ ውስጥ "አብሽር" የማይል ጎረቤት ብዙ አይገኝም፤ ቻርጀሩን ለውጣችሁ መስጠት ግን የእናንተ ዕዳ ነው።

የአንቴና ገመዱም መጠርጠር አለበት። ከቤት ውስጥ የሚወጣውን ጫጫታ በውጭ ቆዳው ተሸክሞ ወደ አንቴናው ያደርሳል። ከአሮጌ ኮምፒውተር ገመዶች ላይ የሚገኘውን ወፍራም ጥቁር የፌራይት ቀለበት ጥገና ቤት ለምኖ ገመዱን ደጋግሞ በውስጡ መጠምጠም ይህንን መንገድ ይዘጋል። ሳንቲም አያስወጣም፤ ከአዲስ ሬዲዮ በላይ ይሠራል።

ጫጫታን በጠባዩ መለካት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሲስፕር የተባለው የሬዲዮ ረብሻ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲቋቋም ከጥያቄዎቹ አንዱ አድማጭን የሚያናድደው ምን ያህሉ ነው የሚለው ነበር። እስከ ዛሬ የሚሠራበት መለኪያ ምትን በፍጥነት ይይዛል፣ በዝግታ ይለቅቃል፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚመጣ ምት በሰከንድ 100 ጊዜ ከሚመጣው እኩል እንዲቆጠር 22.5 ዴሲቤል መብለጥ አለበት። አልፎ አልፎ የሚመጣ ይቻላል፣ የሚጠዘጥዝ ግን አይቻልም ማለቱ ነው። ለዘመኑ የመካከለኛ ሞገድ አድማጭ የተሠራ በመሆኑ የቻርጀርን ተንሸራታች ፉጨት በልኩ አይቀጣም፤ ቢሆንም ይህንን ፈተና ያለፈ አምፖልና ያላለፈው ልዩነታቸው ጆሮ ላይ ይታወቃል። ያላለፈው ብዙ ጊዜ ውስጡ የጎደለው አንድ ጠመዝማዛ ሽቦና አንድ ሁለት ካፓሲተር ነው፤ ዋጋ ለመቀነስ የተተዉ።

ገበያው ላይ ማሸጊያውን አይቶ መለየት አይቻልም። ፒያሳ ወርዳችሁ አምፖል ስትገዙ በኪስ የሚያዝ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጉትና ሻጩ አምፖሉን ሶኬቱ ላይ እንዲያበራው ጠይቁ። ይስቅባችሁ ይሆናል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሬዲዮው ዝም ካለ ያንን ግዙ፣ ሁለት ሦስት ትርፍ ጨምራችሁ፤ በሚቀጥለው ጭነት በዚያው ማሸጊያ የሚመጣው አምፖል ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል።